ጥቁር ኦክስፎርድ ለጭፈራ፦ ከ9 ወር በኋላ

ጫማው ጥቁር ኦክስፎርድ ነው፤ ማለትም ክር የሚገባባቸው ሁለቱ ጆሮዎች ከፊተኛው ቆዳ ሥር የተሰፉበት ባለክር ጫማ፤ ቁጥር 42፣ ላዩ የጥጃ ቆዳ፣ ገበሩም ሶሉም ቆዳ፣ ታኮው 2.5 ሴንቲ ሜትር። ከጥቅምት እስከ ሰኔ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ለሠርግ ጭፈራ፣ በሳምንት ሁለት ምሽት ደግሞ ለሳልሳና ለቫልስ ልምምድ ተደርጓል። መንገድ አልወጣም፤ በጨርቅ ከረጢት ተይዞ እየተሄደ በር ላይ ይቀየራል። ከታች የሚነገረው ዕድሜ ሁሉ በዚህ ልማድ ላይ የቆመ ስለሆነ አስቀድሜ ተናገርኩት። ያንኑ ጫማ በክረምት ጭቃ ከደሴ ፒያሳ እስከ ቧንቧ ውሃ ሰፈር የረገጠበት ሰው 9 ወር አይጠብቅ።

ጫማ ሲገዛ ዓይን ቀድሞ የሚያርፈው አፍንጫው ላይ ነው። ለጨፋሪ ግን መጀመሪያ መገልበጥ ይሻላል። እውነተኛ የቆዳ ሶል ጠርዙ ላይ ጭረት ጭረት ያለ ቃጫ ያሳያል፣ በጥፍር ሲጫኑትም ጥቂት ምልክት ይይዛል። ላስቲክ ግን ቀለሙ ቆዳ ቢመስልም ጠርዙ አንድ ወጥ ነው። ልዩነቱ የሚታወቀው ሲዞሩ ነው። ሳልሳም ቫልስም መዞሪያው የእግር ፊት፣ ማለትም ከአውራ ጣት ሥር ያለው አጥንት ነው። ላስቲክ ወለሉን ስለሚይዝ ወገብ ዞሮ እግር ይቀራል፤ ጥምዘዛውን ጉልበት ይከፍላል። ቆዳ ግን አብሮ ይዞራል። እስክስታ ላይ መሽከርከር ባይኖርም ጉልበት ታጥፎ በአጭር በአጭሩ ስለሚረገጥ ሶሉ ከጣት ሥር በቀላሉ መታጠፍ አለበት። ድርቅ ያለ ሶል የኋላውን ከተረከዝ ያላቅቀዋል።

ቀጥሎ የሚታየው ስፌቱ ነው። እጅን ወደ ውስጥ ሰዶ የውስጡን ሶል ዙሪያ መዳሰስ። ክር ከተገኘ አሜሪካዊው ሊማን ብሌክ በ1858 እ.ኤ.አ. የባለቤትነት መብት ያገኘበት ዓይነት ስፌት ነው፤ አንዱ ክር ከውስጥ ሶል እስከ ውጭ ሶል ያልፋል። ቀጭን፣ ቀላልና ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሚታጠፍ ነው። ይህ ጫማ እንዲያ የተሰፋ ነው፣ ለጭፈራም የምመርጠው እሱን ነው። ጉድለቱ ክሩ ውሃ ወደ ውስጥ መሳቡ ነው፤ መንገድ ለማይወጣ ጫማ ግን ይህ ብዙም አይጎዳም። ጉድይር የሚባለው ስፌት በዙሪያው ተጨማሪ የቆዳ ጠርዝ አለው፤ ሶሉ ብዙ ጊዜ ሊቀየርለት ይችላል፣ ግን ወፍራምና ከባድ ነው፤ እስኪለምድ ሳምንታት ይፈጃል። በማስቲሽ ብቻ የተጣበቀው እጥፋቱ ላይ ነው መላቀቅ የሚጀምረው፤ ጉራጊኛ የሚጨፍር ሰው ባይገዛው ይሻላል።

አዲስ የቆዳ ሶል የፋብሪካ ማለስለሻ ስላለበት ያንሸራትታል። በአናጢ ሻካራ ወረቀት፣ በ80 ቁጥሩ፣ የፊቱን ክፍል ብቻ ከግራ ወደ ቀኝ ማሻከር ነው፤ አንጸባራቂው እስኪጠፋ ድረስ፣ ከዚያ አይለፍ። ታኮው አይነካም። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ሶሉን በሽቦ ብሩሽ መጥረግ ይበቃል።

ይህም ሆኖ አንድ ወለል አለ ጫማውን የሚያሸንፈው፤ ቄጠማ የተጎዘጎዘበት ሴራሚክ። እርጥብ ቄጠማ ሲረገጥ ውሃውን ይለቃል፤ ሶሉ ያንን ይጠጣና እንደ ሳሙና ይሆናል። ማሻከሩም እዚህ አያድንም። መጨፈሪያው መሐል ላይ ቄጠማው እንዲነሳ መጠየቅ ነውር የለውም፤ ሙሽራውም አጃቢውም ይጠቀማል። ድንኳኑ ጠጠር መሬት ላይ ከተተከለ ደግሞ የቆዳ ሶል ቤት ይቅር፤ ጠጠሩ ስፌቱን ይበላዋል።

መጀመሪያ የተጎዳው ሶሉ ሳይሆን ታኮው ነው። በአምስተኛው ወር የቀኙ ታኮ ጎማ በውጭ በኩል 3 ሚሊ ሜትር ያህል ተበልቶ የሚስማር ጫፍ ብቅ አለ። ምክንያቱ ጉራጊኛ ነው፤ ፈጣን ድለቃው ክብደቱን በተደጋጋሚ ታኮ ላይ ይጥለዋል። ብቅ ያለ ሚስማር ሴራሚክ ይጭራል፣ ያንሸራትታልም። ጎማው ሲቀየር ጠጋኙን አጫጭር ሚስማር እንዲጠቀምና ጭንቅላቱን ከጎማው ወለል በታች እንዲያሰምጠው፣ ከሥሩም ማስቲሽ እንዲቀባ መንገር ያስፈልጋል። እንዲህ ከተሠራ በኋላ እስከ ሰኔ አልተነቃነቀም። ሶሉ ከጣት ሥር 5 ሚሊ ሜትር የነበረው አሁን 3.5 ገደማ ሆኗል።

ልኩን በተመለከተ፣ በአውሮፓ ቁጥር በአንዱና በቀጣዩ መካከል ያለው ልዩነት ሁለት ሦስተኛ ሴንቲ ሜትር ነው፤ ለጭፈራ ይህ ብዙ ነው። እግር ወደ ማታ ስለሚያብጥ ከ11 ሰዓት በኋላ፣ ለጭፈራ በሚደረገው ካልሲ መለካት። ደሴ ብርድ ላይ ልክ የሆነ ጫማ የሐረጎን ቁልቁለት ወርደው ኮምቦልቻ ሙቀት ውስጥ ሲገቡ ጠበቅ ይላል፤ ኮምቦልቻ ከደሴ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ብላ ነው ያለችው። ቆዳ ወደ ጎን ይሰፋል፣ ወደ ርዝመት ግን አይሰጥም፤ ስለዚህ ጣት የነካ ጫማ «ይለምዳል» ቢባል አይታመን። ኦክስፎርድ ክሩ ሲታሰር በሁለቱ ጆሮዎች መካከል ከግማሽ እስከ አንድ ሴንቲ ሜትር ክፍተት ይቅር። በአዲስነቱ ግጥም ብሎ ከተዘጋ ቆዳው ሲሰፋ ማጥበቂያ አይኖርም፤ ተረከዝ መንሸራተት ይጀምርና ውሃ ይቋጥራል። የእግሩ ጀርባ ከፍ ያለ ሰው ኦክስፎርድ ላይ አይድከም፤ ጆሮው ከላይ የተሰፋውን ደርቢ ይውሰድ።

የላዩ ቆዳ እጥፋት ይዟል እንጂ አልተሰነጠቀም። የበግ ቆዳ ያለው ግን አይመከርም፤ የአገራችን በግ ለእጅ ጓንት የተመሰገነው ስስና ለስላሳ ስለሆነ ነው፣ ያው ልስላሴ ጭፈራ ላይ ይለጠጣል። በቆዳ ነጋዴዎች ዘንድ በባቲ ስም የሚታወቀው የደጋ ፍየል ቆዳ የተሻለ ነው፤ ወፈር ያለ ሆኖ ይታጠፋል፣ የውስጥ ገጹም ንጹሕ ስለሆነ የውስጥ ገጹ ወደ ውጭ ተደርጎ ለሚሠራው፣ ስዊድ ለሚባለው ጫማ ይፈለጋል። እዚሁ አጠገባችን ያለ ሀብት ነው፣ ሊኮራበት ይገባል።

ከጭፈራ በኋላ ክሩን ፈትቶ ጋዜጣ መጠቅጠቅ፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ መቀየር፣ አንድ ሙሉ ቀን ማሳረፍ። ከሰል አጠገብ ፈጽሞ አይደረግ፤ የረጠበ የሶል ቆዳ በእሳት ሲደርቅ ይኮማተርና ይሰነጠቃል። ሠርግ በማይኖርበት በዐቢይ ጾም ጫማው ለሳምንታት ቢቀመጥ በፌስታል አይታሰር፤ በበልግ እርጥበት ሻጋታ ያወጣል፣ ጨርቅ ግን ይተነፍሳል። ለሊስትሮ ሲሰጥ በውሃ እንዳይታጠብ፣ ቀለሙም ወደ ሶሉ ሥር እንዳይፈስ መንገር፤ ሰም የነካው ሶል ተመልሶ እንደ አዲሱ ያንሸራትታል። በወር አንድ ጊዜ ክሬም ይበቃል። ፈሳሹ ማብሪያ እጥፋቱ ላይ ደርቆ ይፈረፈራል።

የቀረው ሥራ ግማሽ ሶል፣ ማለትም የሶሉን የፊት ክፍል ብቻ ማስቀየር ነው። የሶሉ መሐል በአውራ ጣት ሲጫኑት ወደ ውስጥ ካረገደ ጊዜው ደርሷል፤ ይህ ጫማ ጥር ሳይደርስ እዚያ ይደርሳል። ጠጋኙ ጋ ቆዳ ከሌለ ላስቲክ ይቀርባል፣ ርካሽም ነው። ለመንገድ ደግ ነው፣ መዞርን ግን ይገድላል፤ ስለዚህ የሶል ቆዳውን አስቀድሞ ገዝቶ ይዞ መሄድ።