«ኦሪጅናል ነው» ተብላችሁ የኩንዝ ፎን ደር ሮዘንን ሥዕል ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ተጠንቀቁ

ሰሞኑን ኦንላይን ላይ ለሽያጭ የሚዞር አንድ የቆየ የኅትመት ሥዕል አለ። ለመግዛት ያሰባችሁ ካላችሁ ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት ይህን አንብቡ።

በሥዕሉ ላይ ያለው ኩንዝ ፎን ደር ሮዘን የቅድስት ሮማ ግዛት ንጉሠ ነገሥት የነበረው የቀዳማዊ ማክሲሚልያን ቤተ መንግሥት አጫዋችና የቅርብ አማካሪ ነበር። ጢሙ የተንዠረገገ፣ ሰፊ ቆብ ያደረገ፣ እጁን ሰይፉ ላይ ያሳረፈ ሰው ነው። ማክሲሚልያን በ1488 በብሩዥ ከተማ ሰዎች ታግቶ ሳለ፣ ኩንዝ መነኩሴ መስሎ ገብቶ፣ ልብስ ተቀያይረው ጌታው እንዲያመልጥ ለመነው ይባላል። እንዲህ ያለ ታሪክ ያለውን ሰው ቤቱ መስቀል የሚፈልግ ቢበዛ አይገርመኝም።

ሠሪው በ1536 የሞተው የአውግስቡርጉ ዳንኤል ሆፕፈር ነው። በጦር ጥሩር ላይ ጌጥ ለማውጣት ብረትን በአሲድ የማስበላትን ጥበብ ወደ ወረቀት ኅትመት ካሸጋገሩት ቀዳሚዎች አንዱ ነው፤ ይህንንም ምስል የሠራው በብረት ሰሌዳ ላይ ነው። ጣጣው ከዚህ ይጀምራል፤ ሰሌዳዎቹ አልጠፉም። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ዳቪድ ፉንክ የተባለ የኑረምበርግ መጽሐፍ ሻጭ 230 የሚሆኑ የሆፕፈር ቤተሰብ ሰሌዳዎችን አግኝቶ፣ ቁጥር እየቀረጸባቸው እንደገና አሳተማቸው። በ1802 ደግሞ 92 ሰሌዳዎች ፍራንክፈርት ላይ ዳግም ታተሙ። በሆፕፈር ዘመን የወጣ ቅጂና ኋላ የወጣ ቅጂ በዋጋ አይገናኙም።

አንድ ወዳጄን ያጋጠመው ይኸው ነው። ሻጩ «ኦሪጅናል፣ ከሆፕፈር ሰሌዳ የታተመ፣ 1515 ገደማ» ብሎ ጻፈለት። ቃሉን ብቻ ካያችሁት ውሸት የለበትም፤ ሰሌዳው የሆፕፈር ነው፣ የተሠራውም በዚያው አካባቢ ነው። ወረቀቱ ላይ መቼ እንደታተመ ግን ትንፍሽ አላለም። ወዳጄ 1,400 ዩሮ ከፈለ። ሥዕሉ ሲደርስ ዙሪያውን ከከበበው ካርቶን አውጥተን አየነው፤ ካርቶኑ ሸፍኖት የነበረው የፉንክ ቁጥር ጠርዙ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ባዶ መሆን በሚገባው ቦታ ሁሉ ደግሞ ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣብ ተበትኗል፤ የዛገ ብረት ቀለም ሲይዝ የሚተወው ምልክት ነው። ያ ካርቶን እዚያ ጋ የተቀመጠው በአጋጣሚ ነው ብሎ የሚያሳምነኝ ሰው የለም።

ቁጥር ስለሌለው ብቻም አትመኑ፤ ጠርዙ ተቆርጦ ወይም ተፍቆ ሊሆን ይችላል። ወረቀቱን ወደ ብርሃን አንሡት። የድሮ ወረቀት የተሠራበትን ወንፊት የሽቦ መስመር ያሳያል፤ መስመር የሌለው ልሙጥ ወረቀት ከ18ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ የመጣ ነው። በማጉያ መነጽር ስታዩት ምስሉ በእኩል የተደረደሩ ነጥቦች ከሆነ ደግሞ ከመጽሐፍ የተቀደደ የፎቶ ኅትመት ነው፣ ክፈፉ እንኳ ዋጋው ይበልጣል። የብሪቲሽ ሙዚየምን የመሰሉ ተቋማት የሆፕፈርን ሥራዎች ድረ ገጻቸው ላይ በጥራት አስቀምጠዋል፤ መስመር በመስመር አነጻጽሩ።

ወዳጄ እንዲመለስለት ሲጠይቅ ሻጩ «በጨረታ የተሸጠ አይመለስም» አለው። ይህን ሰምታችሁ እንዳትተዉት። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከነጋዴ በኦንላይን የገዛ ሸማች ዕቃው በደረሰው በ14 ቀን ውስጥ ምክንያት ሳይሰጥ መመለስ ይችላል። ከዚህ ደንብ ነፃ የሚወጣው በአካል ተገኝቶ መጫረት የሚቻልበት ጨረታ እንጂ ድረ ገጽ ላይ ብቻ የሚካሄድ አይደለም። ሻጩ ግለሰብ ከሆነ ግን ይህ መብት የለም፤ ስለዚህ ማን እንደሆነ አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

የወዳጄ ገንዘብ ከብዙ ንትርክ በኋላ ተመለሰ። ያው ሥዕል ግን በዚያው ፎቶ፣ በዚያው ካርቶን፣ በዚያው ማስታወቂያ እንደገና ወጥቷል፤ የጻፍኩላችሁም ለዚህ ነው። ካርቶኑ ወጥቶ የአራቱም ጠርዝና የጀርባው ፎቶ እንዲላክላችሁ ጠይቁ፤ ከፉንክ በፊት ይሁን በኋላ የታተመ መሆኑን በጽሑፍ ያረጋግጥላችሁ። እምቢ ካለ አትክፈሉ።