ታንኳን ከጀልባ ኋላ ለመጫን፦ ገመድ፣ ማንጠልጠያ ክንድ ወይስ ማጠፊያ?

ጎርጎራ ላይ ሞተር ጀልባ የገዛ ሰው ሁሉ ትንሽ ቆይቶ አንድ ጥያቄ ያነሳል፦ «ታንኳዋን የት ላድርጋት?» ታንኳ ስል የደንገሏን ሳይሆን በአየር የምትነፋውን የጎማ ታንኳ ማለቴ ነው። ጥያቄው ስለተደጋገመ መልሱን ከፊት ላስቀድም። ጀልባችሁ ከ5 እስከ 7 ሜትር፣ ታንኳችሁ ደግሞ ከ2.4 ሜትር የማትበልጥ ከሆነ ማጠፊያ (ታንኳዋን ከጀልባው ኋላ በጎኗ እንደ በር የሚያቆም ዕቃ) ግዙ። በገመድ መጎተት ርካሽ ይመስላል፣ ታንኳዋን ከኋላ አግድም የሚሰቅል ክንድ ለዓይን ያምራል፤ ጣና ላይ ግን ሁለቱም ቆይተው የሚያስከፍሉት አለ።

ከዋጋው እንጀምር። ከሐምሌ 2016 በፊት የሰማችሁትን የብር ዋጋ እርሱት። ያኔ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ምንዛሬው ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ስለዚህ በዶላር እናገራለሁ፣ እናንተ በቀኑ ምንዛሬ አባዙት። የማጠፊያ ሙሉ ዕቃ (ታንኳዋ ላይ የሚለጠፉ ሁለት የጎማ መቀመጫዎች፣ ጀልባው ላይ የሚታሰሩ ሁለት መያዣዎች፣ ሁለት ደጋፊ ዘንጎች) ውጭ ሀገር ከ200 እስከ 300 ዶላር አካባቢ ነው። ለዚህ መጠን የሚሆን የአሉሚኒየም ማንጠልጠያ ክንድ ጥንዱ ከ500 ዶላር ግድም ይጀምርና 1,000ን ያልፋል። ልዩነቱ ግን እዚህ አያበቃም። የማጠፊያው ዕቃ ጥቂት ኪሎ ብቻ ስለሆነ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ በሻንጣው ይይዘዋል። ክንዱ ረጅምና ከባድ በመሆኑ በካርጎ ነው የሚመጣው፤ የማጓጓዣውና የቀረጡ ሂሳብ ከዕቃው ዋጋ ጋር ሊፎካከር ይችላል። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ የማጣበቂያው ቆርቆሮ ተቀጣጣይ ስለሆነ አውሮፕላን ላይ አይፈቀድም። መቀመጫውን አስመጥታችሁ ማጣበቂያውን እዚሁ ነው የምትፈልጉት፤ ወደዚህ እመለስበታለሁ።

ገመድ ለሚመርጥ ሰው ወጪው ገመዱ ብቻ ነው። ከቅዳሜ ገበያ ስትገዙ ሻጩ ሁሉንም «ናይሎን» ይላችኋል። አሥር ሴንቲ ሜትር ቆርጣችሁ ውሃ ያለበት ብርጭቆ ውስጥ ጣሉት። ከሰጠመ ናይሎን ወይም መሰሉ ነው፣ ለመጎተት አትግዙት፤ ከተንሳፈፈ ፖሊፕሮፒሊን ወይም መሰሉ ነው፣ እሱን ውሰዱ። የሚሰጥም ገመድ ጀልባው ወደ ኋላ ሲል ፕሮፔለሩ ላይ ይጠመጠማል። ውፍረቱ ከ10 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ይሁን። ታንኳዋን በሁለቱም የፊት ቀለበቶቿ በሹካ ቅርጽ እሰሩ፣ አንድ ቀለበት ብቻ ከሆነ መለጠፊያው ይነቀላል። ርዝመቱን ታንኳዋ ከጀልባው በስተኋላ ባለው ሁለተኛ ማዕበል ጀርባ ላይ እንድትቀመጥ አድርጋችሁ አስተካክሉ። የታንኳዋ ሞተር ተነቅሎ ጀልባው ውስጥ ይግባ። ሲባጎ ጨርሶ አይሞከርም፣ ውሃ ጠጥቶ ይበሰብሳል።

ይህን ሁሉ በትክክል ብታደርጉም ሦስት ነገር ይቀራል። አንደኛው ነፋስ ነው። ጣና ከሰዓት በኋላ ይነሳል፣ ባዶዋ ታንኳ ደግሞ 25 ኪሎ ብትሆን ነው፤ ከሥሯ ነፋስ ከገባ ትገለበጣለች። የተገለበጠች ታንኳ እንደ ባልዲ ውሃ ትይዛለች፣ ቀለበቱንም ትገነጥላለች። ሁለተኛው እምቦጭ ነው። ጀልባው ሰንጥቆት ያለፈው አረም ታንኳዋ ፊት እየተከመረ ገመዱን ይወጥረዋል። ሦስተኛው ነዳጅ ነው። ሐይቁ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ግድም ላይ ስለሆነ ካርቡሬተር ያለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ያጣል። 40 የፈረስ ጉልበት ብላችሁ የገዛችሁት እዚህ የሚሰጠው 33 ገደማ ነው። በዚያ ላይ የሚጎተት ታንኳ ሲጨመር ጀልባው አፍንጫውን ሰቅሎ ይቀርና ነዳጅ ይጠጣል። ከጎርጎራ ማንዳባ ድረስ ላለው አጭር መንገድ ገመድ ይበቃል። ከዚያ ለሚርቅ ጉዞ በየሳምንቱ የሚቃጠለው ነዳጅ ሲደመር ርካሽነቱ ይጠፋል።

ማንጠልጠያ ክንድ የሚገዛው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያየው ታንኳዋ አግድም ተሰቅላ ስታምር ነው። ክብደቱ የት ላይ እንዳረፈ ግን ይታይ። የታንኳዋ ወርድ 1.4 ሜትር ከሆነ የክብደቷ መሃል ከጀልባው የኋላ ግድግዳ ቢያንስ 70 ሴንቲ ሜትር ወጥቶ ይንጠለጠላል። ታንኳዋ 25 ኪሎ፣ ትንሿ ሞተር 17 ኪሎ፣ በድምሩ 42 ኪሎ ነው። አሁን ክረምቱን አስቡ። አንድ ከባድ ዝናብ 40 ሚሊ ሜትር ቢጥልና ታንኳዋ በሁለት ካሬ ሜትር ብትቀበለው 80 ሊትር፣ ማለትም 80 ኪሎ ውሃ ውስጧ ይተኛል። ለ42 የተዘጋጀው ክንድ 122 ኪሎ ተሸከመ ማለት ነው። የታችኛውን የውሃ ማፍሰሻ ቡሽ ክፍት ትታችሁ፣ ቡሽ ወዳለበት በኩል ዝቅ አድርጋችሁ ካልሰቀላችሁ በአንድ ሌሊት የሚጎዳው ከክንዱ ይልቅ የጀልባው ግድግዳ ነው። አሮጌ የፋይበር ግላስ ጀልባ ላይ ግድግዳው ውስጥ ያለው ኮምፔንሳቶ ብዙ ጊዜ ውሃ ጠጥቷል። በጣት አንጓ ስታንኳኩት ጥርት ያለ ድምፅ ካልሰጠና ከታፈነ፣ ወይም በትራፓኖ ስትበሱት ቡናማ እርጥብ ብናኝ ካወጣ ክንድ መስቀል ይቅርባችሁ። ግድግዳ ማስጠገን ከክንዱ ዋጋ በላይ ያስወጣል። ፑሌጃውና ገመዱም በየጊዜው መቀየሩ አይቀርም። ታንኳዋ ከ40 ኪሎ በላይ የሆነች ባለ ጠንካራ ወለል ከሆነች፣ ጀልባውም ከ8 ሜትር ከበለጠ ያኔ ክንድ ተገቢ ነው። ለትንሽ ጀልባ ግን አይሆንም።

ማጠፊያው የሚሠራው እንዲህ ነው። ታንኳዋ አንደኛው ጎኗ ላይ ሁለት መቀመጫ ይለጠፍባታል፤ እነዚህ ጀልባው የኋላ መርገጫ ላይ ከተበሎኑ ሁለት መያዣዎች ጋር ይቆለፋሉ። ከዚያ ሌላኛውን ጎኗን በገመድ ስባችሁ እንደ በር ታቆሟታላችሁ፣ ሁለቱ ዘንጎችም ደግፈው ይይዟታል። የክብደቷ መሃል ከማጠፊያው 25 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው የሚርቀው፣ ዝናቡም አይጠራቀምባትም። አንድ ሰው ብቻውን ያቆማታል። የሚያስከፋው ሞተሯን መጀመሪያ መንቀል ማስፈለጉ ነው፤ ለ17 ኪሎ ግን ይቻላል።

ሥራው የሚበላሸው መለጠፉ ላይ ነው። ታንኳችሁ የተሠራችው ከፒቪሲ (ፕላስቲክ) ይሁን ከሃይፓሎን (ሰው ሠራሽ ጎማ) መጀመሪያ ለዩ። ከማይታይ ቦታ ላይ በአሴቶን በተነከረ ጨርቅ አሹት፤ ካጣበቀ ፒቪሲ ነው። መቀመጫውም ማጣበቂያውም ከዚያው ዓይነት ይሁን። እዚህ ከተማ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ጎሚስታ ጋ ወስዶ ወይም ራሱ በቢጫው ማስቲሽ በመለጠፍ ነው። ማስቲሹ በመጀመሪያው ቀን ድንጋይ ይመስላል፤ ከፒቪሲው የሚወጣው ማለስለሻ ቅባት ግን ያላላዋል፣ ፀሐይ ሲያገኘው እንደ ማስቲካ ይለጠጥና ታንኳዋ ትወድቃለች። ለፒቪሲ የሚሆነው ባለ ሁለት ክፍል የፖሊዩሬታን ማጣበቂያ ነው፤ ጫማ ሠሪ ፋብሪካዎች ሶል የሚያጣብቁበት ዓይነት። ከቆርቆሮው ጋር የማጠንከሪያው ትንሽ ጠርሙስ ካልተሰጣችሁ አትግዙ። ማጠንከሪያው ከደፈረሰ ወይም ከወፈረ ጊዜው አልፎበታል።

ታንኳዋን ሙሉ በሙሉ ነፍታችሁ መርገጫው ላይ አጋድሙና የመቀመጫዎቹን ቦታ በእርሳስ ምልክት አድርጉ፤ ሳትነፋ የተለካ ምልክት ስትነፋ ይሸሻል። በአሴቶን ጠርጉና አድርቁ። ፒቪሲ አይፋቅም፣ ሃይፓሎን ግን በብርጭቆ ወረቀት ይሻከራል። ማጠንከሪያውን ቆርቆሮው ላይ በተጻፈው ልክ ቀላቅሉ፤ በብዛት 25 እጅ ማጣበቂያ ለ1 እጅ ነው። ሁለቱንም ፊት በስሱ ቀቡ፣ ግማሽ ሰዓት ተዉት፣ ደግሞ ቀቡ። ሁለተኛው ቅብ ሲነኩት እየያዘ ጣት ላይ ግን የማይቀር ሲሆን፣ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ባለው ጊዜ፣ ግጠሙትና ከመሃል ወደ ዳር በጠርሙስ አሽከርክሩበት። ጠርዙ ላይ አንዲት የአየር አረፋ ከቀረች መላቀቅ የሚጀምረው ከእሷ ነው። ለአንድ ቀን አትንኩት፣ ለአንድ ሳምንት ክብደት አትጫኑበት። ይህ ሥራ በሐምሌና ነሐሴ አይሠራም፤ እርጥበቱ ማጠንከሪያውን ያበላሸዋል። ከጥቅምት ወዲያ፣ በጥላ ሥር ይሁን።

መያዣው በብሎን እንጂ በቪቴ አይታሰር። ቀዳዳውን መጀመሪያ በ12 ሚሊ ሜትር ብሱት፣ በኤፖክሲ ሙሉት፣ ሲደርቅ መሃሉን በ8 ሚሊ ሜትር ድገሙት። እንዲህ ሲሆን ውሃ ወደ እንጨቱ አይደርስም። ከውስጥ በኩል 15 በ15 ሴንቲ ሜትር የሆነ የ5 ሚሊ ሜትር ላሜራ፣ ከዚያ ሮንዴላና ዳዶ። ላሜራውንና ደጋፊ ዘንጎቹን ጎንደር ያለ ማንኛውም ብየዳ ቤት ይሠራዋል። ለዘንጎቹ ባለ 1 ኢንች ቱቦ አንድ በርጋ፣ ማለትም 6 ሜትር፣ ይተርፋል። ዘንግ ያልተካተተበትን ዕቃ መግዛት ከቻላችሁ የምትቆጥቡት እዚህ ላይ ነው።

ስለ ስቴንለስ ብዙ ገንዘብ ይባክናል። ጣና ጨዋማ ውሃ አይደለም፤ ለባሕር የሚሆነውን 316 የተባለውን የስቴንለስ ደረጃ በውድ አትግዙ፣ 304 የተባለው ይበቃል። ማግኔት ይዛችሁ ሂዱ፦ አጥብቆ ከያዘው የተነከረ (የተለበጠ) ተራ ብረት ወይም ዝቅተኛ ስቴንለስ ነው፤ ሳይሞቅ የተቀጠቀጠ የ304 ብሎን ግን ትንሽ ቢስብ አትደንግጡ። አስመስሎ የተሠራው መያዣ ደግሞ የሚታወቀው በሞረድ ነው። ታችኛውን ጠርዝ ትንሽ ፋቅ አድርጉት፤ ከሚያብረቀርቀው ቅብ ሥር ደብዛዛ ግራጫ ከወጣ ቀልጦ የፈሰሰ ዚንክ ነው። ዚንኩ ሳይጎብጥ በድንገት ይሰበራል፣ የሚሰበረውም ታንኳዋ ቆማ ጀልባው ማዕበል ሲመታው ነው። የተለጣፊውን መቀመጫ ጎማ ጠርዝ እጥፍ አድርጉት፤ ነጭ ስንጥቅ ካሳየ ለሻጩ መልሱለት።

ሞተራችሁ ከኋላ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ከሆነ ከመግዛታችሁ በፊት እስከ መጨረሻው ወደ ላይ አጥፉትና ግራና ቀኝ አዙሩት። እግሩ የሚደርስበት ቦታ ላይ ታንኳ መቆም አይችልም፣ ጥልቀት በሌለው ዳር ሞተሩ መታጠፍ አለበትና። በዚህ ጊዜ ያንኑ ማጠፊያ በጀልባው ጎን፣ ወደ ኋላ ጠጋ አድርጋችሁ እሰሩ፤ የነዳጅ ጋኑን ወደ ተቃራኒው ጎን አዙሩ። ሞተሩ ውስጥ ለውስጥ የሆነ ጀልባ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የቆመች ታንኳ ከኋላ እንደ ግድግዳ ስለሆነች ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ተመልሶ ወደ ተሳፋሪው ይሳባል። የፊት መስኮት ሳይከፈት አትሂዱ፣ ሕፃናትን ከኋላ ወንበር አታስቀምጡ። የኋላ መብራቱም ተጋርዶ እንደሆነ እዩና ወደ ላይ አውጡት።

ጠዋት በብርዱ ስትነፉ ደግሞ ታንኳዋን አታጥብቋት። በ15 ዲግሪ ግፊቱ 0.25 ባር የነበረ አየር ፀሐይ ጎማውን 45 ዲግሪ ስታደርሰው ወደ 0.36 ባር ይወጣል። ቆማ የምትውል ታንኳ ቀኑን ሙሉ አንድ ጎኗ ለፀሐይ ስለሆነ መጀመሪያ የሚከፈተው የመቀመጫው ጠርዝ ነው። በአውራ ጣት ስትጫኗት ትንሽ ገባ እንድትል አድርጉ፣ በሸራም ሸፍኗት።