የወንድሜን ሕመም ያገኙልን የላብራቶሪ ባለሙያ ይመስገኑልኝ

ዛሬ አንድ ሰው ላመሰግን ነው። ሐኪም አይደሉም። ሰፈራችን ባለው ጤና ጣቢያ ላብራቶሪ ውስጥ የሚሠሩ፣ ጡረታቸው የተቃረበ ባለሙያ ናቸው። ስማቸውን በአደባባይ እንዳልጽፍ ስለጠየቁኝ እዚያ ሁሉም እንደሚጠራቸው «ጋሼ» እያልኩ ልቀጥል።

ታናሽ ወንድሜ አፋር ውስጥ፣ አዋሽ ወንዝ አጠገብ ባለችው ገዋኔ አካባቢ ሲሠራ ቆይቶ ነው የመጣው። ከመጣ በኋላ ሽንቱ ደም ይቀላቅል ጀመር። ትኩሳት የለው፣ ጎኑን አያመው። መጀመሪያ የሄደበት ክሊኒክ «የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ነው» ብሎ አንቲባዮቲክ ሰጠው። ትንሽ የጠራ መሰለና ተመለሰ። ሌላ አንቲባዮቲክ ታዘዘለት። የሰገራ ምርመራ ተደርጎለት ምንም የለብህም ተባለ። እናታችን እንቅልፍ አጣች፤ እሱም ለሰው መናገር እያፈረ ዝም አለ።

ጋሼ ጋ የደረስነው እንዲህ ሆነን ነው። ናሙናውን ከመቀበላቸው በፊት ጠየቁት። «ደሙ የሚታየው ስትጀምር ነው፣ ስትጨርስ ነው ወይስ ሙሉውን?» ወንድሜ «ልጨርስ ስል ነው የሚብሰው» አላቸው። ለምን እንደጠየቁ በኋላ በትዕግሥት አስረዱን። መጀመሪያ ላይ ብቻ የሚታይ ደም ብዙ ጊዜ ከሽንት መውጫው ቱቦ ነው። መጨረሻ ላይ የሚመጣው የፊኛን የታችኛውን ክፍል ይጠቁማል። ሙሉውን ከቀላ ከፊኛም፣ ከኩላሊትም ሊሆን ይችላል። ቀይ ሥር በልቶ እንደሆነ፣ የቲቢ መድኃኒት ይወስድ እንደሆነም ጠየቁት። ሪፋምፒሲን የሚባለው የቲቢ መድኃኒት ሽንትን ብርቱካናማ ቀይ ያደርጋል፤ ብዙ ሰው ደም መስሎት ይደነግጣል።

ሽንቱ ውስጥ የሚነከረው የመመርመሪያ ወረቀት (ስትሪፑ) ደም እንዳለ አሳየ። ጋሼ ግን በዚያ አላበቁም። «ቀይ የደም ሴሉን በዓይኔ ካላየሁ ውጤት አልጽፍም» አሉ። ማይክሮስኮፕ ሥር ሲያዩት ቀይ የደም ሴል በብዛት አለ። ባክቴሪያ አላዩም። የሴሎቹ ቅርጽ ያልተበላሸ ነው፣ ፕሮቲኑም ብዙ አይደለም። ቅርጻቸው ተዛብቶ ፕሮቲን ቢበዛ ኖሮ የኩላሊት ማጣሪያው ይጠረጠር ነበር አሉን።

ከዚያ «የኔ ልጅ፣ ሥራህ የት ነበር?» አሉት። እስከዚያ ቀን ይህን የጠየቀው ሰው አልነበረም። ገዋኔ መሆኑን ሲሰሙ ውሃ ውስጥ ይገባ እንደነበር ጠየቁት። ሙቀቱ ሲጠና ከጓደኞቹ ጋር ረግረጉ ውስጥ ይታጠቡ ነበር። «በል ነገ ተመለስ። ሽንቱን የምትሰጠኝ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። መጀመሪያ ትንሽ ተራመድ። የመጨረሻዋን ጠብታ ደግሞ እንዳትደፋብኝ።»

በማግስቱ ጠርተው በማይክሮስኮፑ አሳዩን። ሞላላ እንቁላል ነው፣ ጫፉ ላይ ትንሽ እሾህ አለው። የሽንት ፊኛን የሚያጠቃው የቢልሃርዚያ ትል እንቁላል ነበር።

እኛ አገር በብዛት የሚታወቀው ቢልሃርዚያ የአንጀት ነው፤ እንቁላሉ የሚገኘው በሰገራ ነው። የፊኛው ዓይነት የሚታየው በጥቂት ቦታዎች ነው፤ ለምሳሌ በመካከለኛውና በታችኛው አዋሽ ረግረጎች፣ በሱዳን ድንበር ደግሞ ኩርሙክ አካባቢ። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ ቶሎ ለሰው ትዝ አይልም። ትሉ ውሃ ውስጥ ካለ ቀንድ አውጣ ወጥቶ በቆዳ በኩል ይገባል። ከዚያ ፊኛው ዙሪያ ባሉ የደም ሥሮች ይቀመጣል። ደሙን የሚያመጣው እንቁላሉ የፊኛውን ግድግዳ ሲያቆስለው ነው። እንቁላሉ በሽንት በብዛት የሚወጣው ደግሞ እኩለ ቀን አካባቢ ነው፤ ሰዓት የቀጠሩልን ለዚህ ነው።

የጤና መኮንኗ ፕራዚኳንቴል የሚባለውን የትል መድኃኒት አዘዘችለት፤ መጠኑ በክብደት ነው፣ ለአንድ ኪሎ 40 ሚሊግራም። የኩላሊትና የፊኛ አልትራሳውንድም አስነሳችው። ይህ በሽታ ሳይታከም ለዓመታት ከቆየ የሽንት መውረጃውን ሊዘጋ፣ የፊኛ ካንሰርም ሊያመጣ ይችላል። እግዚአብሔር ይመስገን፣ አልትራሳውንዱ ንጹሕ ነው። ከሳምንታት በኋላ ጋሼ ደግመው ሲያዩት እንቁላል አልተገኘም። የሽንቱ ደምም ጠፍቷል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ከሁሉም በላይ ልቤን የነካው እሱ ነው። አባታችን አብሮን ነበር፤ ሲጋራ ያጨሳል። ጋሼ ወደ እሱ ዞረው «በእርስዎ ዕድሜ ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ አልቆምም ነበር» አሉት። ዕድሜው ከ40 ያለፈ፣ በተለይ የሚያጨስ ሰው፣ ሕመም የሌለው ደም አንድ ቀን እንኳ ካየ፣ በራሱ ቢቆምም፣ ፊኛው በካሜራ መታየት አለበት። ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰውም «ከመድኃኒቱ ነው» ብሎ መተው የለበትም። ጠጠርም፣ የፕሮስቴት ማደግም፣ ዕጢም ሊሆን ይችላል። ኢንፌክሽን ነው ተብሎ የታከመም ሰው ሲጨርስ ሽንቱን ደግሞ ይመርመር። ይህን ሁሉ የነገሩን ውጭ ወረፋ እየጠበቃቸው ነው፤ ግን አላጣደፉንም።

የምርመራው ክፍያ ቀላል ነው። ረፋድ ላይ ከሄዳችሁ ወረፋው ይቀላል። ጤና ጣቢያው የት እንደሆነ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እነግራችኋለሁ። በተለይ አዋሽ ወይም ኩርሙክ በኩል ሠርታችሁ የመጣችሁ፣ የት እንደነበራችሁ ሳትጠየቁም ተናገሩ። ወንድሜ አብረውት ለሠሩት ልጆች ደውሎላቸዋል፤ ሁለቱ ጋሼ ጋ ተመርምረው መድኃኒት ጀምረዋል።

ጋሼ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልን።