ፊውዝ ለሚበላ ሞተር ምን ይገዛ? አምፖል፣ መልቲሜትር ወይስ ክላምፕ

ሱቅ ገብታችሁ «ቴስተር ስጠኝ» ብትሉ ባለሱቁ ሦስት አራት ዓይነት ዕቃ ያወጣላችኋል። አንዱ የቤት መብራት መፈተሻ ካቻቢቴ ነው። እሱን ወዲያው መልሱለት። የተሠራው ለ220 ቮልት ነው፤ ሞተር ሳይክል ደግሞ 12 ቮልት ነው። ብትነኩትም አይበራም። የሚወዳደሩት የቀሩት ሦስቱ ናቸው።

ባለፈው ክረምት ሞተሬ በአንድ ቀን ሦስት ፊውዝ በላች። ቀዩ፣ ባለ 10 አምፔሩ፣ ይቃጠላል፤ ሌላ እሰካለሁ፤ እሱም ይደገማል። አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። ልጁ የተቃጠለውን ፊውዝ በሲጋራ ብር ወረቀት ጠቅልሎ ሰካና «በቃ፣ ከእንግዲህ አይቃጠልም» አለኝ። ልክ ነው፣ ፊውዙ አይቃጠልም። የሚቃጠለው ሽቦው ነው። ቤት ስደርስ ወረቀቱን ነቅዬ ጣልኩት።

ያኔ ያዳነኝ ተራ አምፖል ነው። ባለ 21 ዋት የፍሬን መብራት አምፖል ወሰድኩ፣ ሁለት ሽቦ አሰርኩበት፣ ጫፎቹን ፊውዙ የሚሰካበት ቦታ ላይ ገጠምኩ። ይህ አምፖል ከ2 አምፔር በታች ነው የሚያሳልፈው። ስለዚህ ኮንታክት (የተላጠ ሽቦ ከብረት ጋር መነካካት) ቢኖርም ሽቦ አይቃጠልም፣ ፊውዝም አታባክኑም። ኮንታክት ካለ ቦግ ብሎ ይበራል። ከሌለ ወይ አይበራም፣ ወይ ደብዘዝ ይላል። ቁልፉን ስከፍት ደብዘዝ አለ፤ ይሄ ደህና ነው። መሪውን ወደ ግራ ሳዞር ግን ቦግ! ወደ ቀኝ ስመልሰው ደብዘዝ። ከመሪው ሥር የሚያልፈው ሽቦ በፕላስቲክ ማሰሪያ ጥብቅ ተደርጎ ታስሮ፣ ከብረቱ ጋር ሲፋተግ ሽፋኑ ተልጧል። በናስትሮ ጠቀለልኩት፣ መሪው ሲዞር እንዳይወጠር ላላ አድርጌ አሰርኩት፣ ቀይ ፊውዝ ሰካሁ። እስካሁን ያው ፊውዝ ነው።

ሹል ጫፍ ያለው፣ ማሳ (የሞተሩ ብረት ወይም የባትሪው ኔጋቲቭ) ላይ የሚቆነጥጥ ገመድ ያለው የመፈተሻ መብራት ተሠርቶም ይሸጣል። ኤሌክትሪክ የት እንደደረሰና የት እንደቆመ ለማየት ፈጣን ነው። ስትገዙ ኤልኢዲ ሳይሆን ተራ አምፖል ያለበትን ምረጡ። ነዳጁ በኢንጀክተር የሚረጭ ሞተር ከሆነ ግን ወደ ኮምፒውተሩ የሚሄዱ ሽቦዎችን በእሱ አትንኩ። የሚስበው ኃይል ኮምፒውተሩን ሊጎዳ ይችላል።

እዚያ ጋ መልቲሜትር ይመጣል። ሁሉም ሱቅ ያለችው ቢጫዋ ዲቲ 830 ለሞተር ትበቃለች። አምፖል የማይነግራችሁን ቁጥር ትነግራችኋለች። ሞልቶ ያረፈ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል። ሞተሩ ተነስቶ ነዳጅ ሲሰጠው አብዛኛውን ጊዜ ከ13.5 እስከ 14.5 መሆን አለበት። ከ15 ካለፈ ቮልቱን የሚቆጣጠረውን ሬጉሌተር ጠርጥሩ፤ አምፖል በላይ በላዩ የሚያቃጥልባችሁ እሱ ሊሆን ይችላል። ከ12.6 ከፍ የማይል ከሆነ ደግሞ ባትሪው እየተሞላ አይደለም። አዲስ ባትሪ ከመግዛታችሁ በፊት ይህችን ልኬት ብቻ ብትሠሩ የመልቲሜትሩ ዋጋ ተመለሰ።

ግን ትዋሻለች። ከራሷ ምንም ያህል ኃይል ስለማትስብ፣ የዛገና በአንድ ክር የተንጠለጠለ ሽቦ ላይም 12 ቮልት ታሳያችኋለች። «ኤሌክትሪኩ አለ፣ ታዲያ ክላክሱ ለምን አይጮህም?» ብላችሁ ግማሽ ቀን ታቃጥላላችሁ። እዚያው ሽቦ ላይ አምፖል ብታደርጉ ጭል ብሎ እውነቱን ያወጣል።

ስትገዙ ማዞሪያዋን የድምፅ ምልክቱ ላይ አድርጋችሁ ሁለቱን ጫፍ አነካኩና «ጢጥ» ትል እንደሆነ ስሙ። መልኳ አንድ ሆኖ ድምፅ የሌላት አለች፤ ሰልባቲዮ ሥር አንገት ቀብሮ ሽቦ ለሚፈልግ ሰው ድምፁ ትልቅ ነገር ነው። ደግሞ 10 አምፔር የሚለው ቀዳዳ ላይ ገመዱን ረስታችሁ ባትሪ አትለኩ። በገዛ እጃችሁ ኮንታክት ፈጠራችሁ ማለት ነው። ብዙዎቹ ርካሾች እዚያ ቀዳዳ ላይ መከላከያ ፊውዝ የላቸውም።

ክላምፕ ሽቦ ሳይቆረጥ አቅፎ አምፔር ይለካል። ያምራል። ነገር ግን ገበያ ላይ የበዛው ርካሹ ክላምፕ አምፔር የሚለካው የቤት ኤሌክትሪክን ብቻ ነው። የባትሪ ሽቦ ላይ ብታስሩት ዜሮ እያለ ይቀመጣል። አምፔር በሚለው ምልክት አጠገብ ቀጥ ያለ መስመርና ከሥሩ የተቆራረጠ መስመር ከሌለ ለሞተር አትግዙት። ያለበት ደግሞ ዋጋው ከፍ ይላል። ሞተሪኖ (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው) ስንት አምፔር እንደሚስብ በየቀኑ ለሚለካ መካኒክ ይገባዋል። ለአንድ ሞተር ባለቤት ቅንጦት ነው፣ ይቅርባችሁ።

እኔን ብትጠይቁኝ ዛሬ አምፖሉን ሥሩ፣ ደሞዝ ሲወጣ ቢጫዋን ጨምሩ።

እግረ መንገዳችሁን ትርፍ ፊውዝ ያዙ። በተለመደው ጠፍጣፋ ፊውዝ ቀይ 10 ነው፣ ሰማያዊ 15፣ ቢጫ 20። ባለሱቁ «ቀይ አልቋል፣ ሰማያዊው ይሠራል» ካላችሁ፣ ይሠራል፤ ለ10 የተሠራው ሽቦ ላይ 15 እያሳለፈ። ቡናማው 7.5 ካለው እሱን ውሰዱና መብራትም ክላክስም ቀነስ አድርጋችሁ ቤት ግቡ።