የዘይት ግፊት ጌጅ ኮሮላዬ ላይ፦ ከወራት በኋላ

ዳሽቦርድ ላይ ያለችው ቀይ የዘይት መብራት የምትበራው ግፊቱ ከግማሽ ባር (ባር የግፊት መለኪያ አሃድ ነው) በታች ሲወርድ ነው። ያኔ ሞተሩ አደጋ ውስጥ ገብቷል። ቀደም ብሎ የሚነግረኝ ፈልጌ ግፊቱን በመርፌ የሚያሳይ ሜካኒካል ጌጅ (መለኪያ) አስገጠምኩ። ዛሬ ያለሱ መንዳት አልፈልግም።

ጌጁን ለማንበብ ፓምፑን ማወቅ ይጠቅማል። የኔ ሞተር 4ኤ-ኤፍኢ ነው፤ የዘይት ፓምፑ ኮሎው (የሞተሩ ዋና ዘንግ) ጫፍ ላይ ተቀምጦ አብሮት ይዞራል። ውስጡ አንዱ በአንዱ ውስጥ የሚዞሩ ሁለት ጥርሳም ብረቶች አሉ። የውስጠኛው ከውጪኛው በአንድ ጥርስ ያንሳል። በመሀላቸው ያለው ክፍተት ሲሰፋ ዘይት ከኮፓ (ከሞተሩ ሥር ካለው የዘይት ማጠራቀሚያ) ይስባል፣ ሲጠብ ወደ ፊልትሮ ይገፋል። ፓምፑ የሚሰጠው ፍሰት ብቻ ነው። ግፊት የሚፈጠረው ዘይቱ በጠባቡ የብሮንዚን (ኮሎው የሚዞርበት ማቀፊያ ብረት) ክፍተት ለማለፍ ሲታገል ነው፤ የውሃ ጎማ አፉን በጣት ሲይዙት እንደሚሆነው። ብሮንዚኑ ሲበላ ክፍተቱ ይሰፋል፣ መርፌውም ይወርዳል።

ስለዚህ "ወፍራም ዘይት አድርግበትና መርፌው ይነሳል" በሚለው ምክር አልስማማም። መርፌው ይነሳል፣ የተበላው ብሮንዚን ግን እንደተበላ ነው።

ጠዋት በአዲስ አበባ ብርድ ሞተሩ ሲነሳ መርፌው ከ4 ባር ያልፋል። ዘይቱ ቀዝቅዞ ስለወፈረ ነው እንጂ የጤና ምልክት አይደለም። ትርፉን በስፕሪንግ የሚሠራ ቫልቭ ይመልሰዋል። ቁም ነገሩ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ያለው ነው። የቶዮታ ማኑዋል በደቂቃ 3000 ዙር ላይ ከ2.5 እስከ 5 ባር ይላል፤ የኔ 3.5 ገደማ ነው። በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ ሲሠራ) 1 ባር አካባቢ ይቆማል። ወደ አዋሽ ስወርድ በቆላው ሙቀት ዘይቱ ስለሚቀጥን ትንሽ ዝቅ ይላል።

ከሁሉም የጠቀመኝ አንድ ቀን አደባባይ ስዞር ነው። መርፌው ለቅጽበት ወደቀና ተመለሰ። ጥግ ይዤ የዘይት መጠን መለኪያ ዘንጉን ሳወጣ ዘይቱ ከታችኛው ምልክት በታች ነበር። ስታጠፍ ዘይቱ ወደ ጎን ሸሽቶ ፓምፑ አየር ስቧል። ቀይዋ መብራት ብልጭ እንኳ አላለችም።

ቅሬታም አለኝ። አብሮት የመጣው የፕላስቲክ ቱቦ ከዳሽቦርዱ ኋላ ትኩስ ዘይት ማፍሰስ ጀመረ። በመዳብ አስቀየርኩት፤ ንዝረት እንዳይሰብረው ሞተሩ ጋ ሁለት ዙር ተጠቅልሏል። ማታ ደግሞ ብርሃኑ ደካማ ነው።

ለመግዛት ያሰባችሁ የመጠምዘዣውን ጥርስ እዩ። ጌጁ የሚጠመዘዝበት የቶዮታው ቀዳዳ በኢንች 28 ጥርስ ነው፤ ብዙ ጌጆች ይዘው የሚመጡት 27 ነው። መጀመሪያ በእጅ ሲያስገቡት የገጠመ ይመስላል፣ ግን ያፈሳል። መሀል የሚገባውን ትክክለኛ መጋጠሚያ አብራችሁ ግዙ።