ዕቃ ከመግዛታችን በፊት ኔትወርካችንን በሲሙሌተር ሠርታ ላሳየችን ባለሙያ

ሃያ ሁለት አካባቢ በሚገኘው ትንሽ የሒሳብ አገልግሎት ቢሯችን የኮምፒውተር ኔትወርኩን እንደ አዲስ የዘረጋችልንን ወጣት ባለሙያ በአደባባይ ላመሰግናት እወዳለሁ። ስሟንና ስልኳን እዚህ እንዳላወጣ ስለጠየቀችኝ በውስጥ መስመር ለሚጽፍልኝ ሁሉ እሰጣለሁ። የሥራዋን ጥራት ግን በዝርዝር መናገር ይገባኛል። እንደ እኛ ያሉ ትንንሽ ቢሮዎች ምን እንደሚገዙ ሳይገባቸው ብዙ ገንዘብ ያወጣሉና።

14 ኮምፒውተሮች፣ ሁለት ፕሪንተሮችና የደንበኞቻችን ሰነድ የሚቀመጥበት አንድ ሰርቨር አሉን። ጠዋት ሲያትም የዋለ ፕሪንተር ከሰዓት በኋላ አይገኝም ነበር፤ ሰርቨሩም ለአንዱ ሠራተኛ ሲከፈት ለሌላው አይከፈትም። በሐምሌ፣ የግብር ሥራ በሚበዛበት ሰሞን፣ ይህ ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ የሙያ ባልደረቦቼ ያውቁታል። ከዚህ በፊት ያየልን ባለሙያ መፍትሔው ዕቃውን በሙሉ መቀየር ነው ብሎ ረጅም የዋጋ ዝርዝር ሰጥቶን ነበር። ለምን እንደሚቀየር ግን አላስረዳንም።

እሷ ስትመጣ መጀመሪያ ሜትር ይዛ ክፍሎቹን ለካች። ቀጥላ ማን የማንን ፋይል ማየት እንዳለበት፣ እንግዶች ዋይፋይ ይጠቀሙ እንደሆነ፣ መብራት ሲጠፋ የትኞቹ ዕቃዎች እንደሚጠፉ ጠየቀችን። ከዚያም ላፕቶፗን ከፍታ “ጋሼ፣ ምንም ገንዘብ ሳያወጡ መጀመሪያ እዚህ ላይ እንየው” አለችኝ። የከፈተችው ሲስኮ ፓኬት ትሬሰር የሚባለውን ፕሮግራም ነው። የኔትወርክ ተማሪዎች የሚለማመዱበት ሲሙሌተር፣ ማለትም እውነተኛ ዕቃ ሳይነካ ኔትወርክን በስክሪን ላይ አስመስሎ የሚያሠራ ፕሮግራም ሲሆን በሲስኮ ኔትወርኪንግ አካዳሚ የተመዘገበ ሰው በነፃ ያገኘዋል። ራውተሩን (ኔትወርኮችን እርስ በርስ የሚያገናኘውን ዕቃ)፣ ስዊቹን (የቢሮውን ኮምፒውተሮች በገመድ የሚያገናኘውን ሳጥን)፣ ኮምፒውተሮቹንና ገመዶቹን በስክሪኑ ላይ እያስቀመጠች የእኛኑ ቢሮ ሠራችው።

በመጀመሪያ ያሳየችን የራሳችንን ችግር ነበር። አንድ የዋይፋይ ራውተር ጨምራ ከስዊቹ ጋር አገናኘችውና ኮምፒውተሮቹ አዲስ አድራሻ፣ ማለትም በኔትወርኩ ላይ የሚታወቁበትን ቁጥር፣ እንዲጠይቁ አደረገች። ከፊሎቹ በ192.168.10 የሚጀምረውን የቢሮውን አድራሻ ተቀበሉ፤ ከፊሎቹ ደግሞ በ192.168.0 የሚጀምር ሌላ አድራሻ አገኙ። በአንድ ኔትወርክ ላይ አድራሻ የሚያድሉ ሁለት ዕቃዎች ሲኖሩ ኮምፒውተሩ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የመለሰለትን ይቀበላል። ሁለተኛውን አድራሻ የያዘው ከሰርቨሩ ጋር መነጋገር አይችልም። ለዋይፋይ ተብሎ ከግድግዳው ጥግ የተሰካው ራውተር ነበር ሲያሠቃየን የኖረው፤ የአድራሻ ማደያውን መዝጋት ይበቃ ነበር። ያንን ሁሉ ዕቃ ሊያስገዛን የነበረው ችግር ይህ መሆኑን ሳይ እጅግ አዘንኩ፣ እሷንም በዚያው ልክ አከበርኳት።

ከዚያ በኋላ ቢሮውን በሦስት ቪላን (በአንድ ስዊች ላይ ሆነው እንደ ተለያዩ ኔትወርኮች የሚሠሩ ክፍሎች) ከፈለችው፦ ቁጥር 10 ለሒሳብ ሠራተኞችና ለሰርቨሩ፣ 20 ለእንግዳ መቀበያና ለፕሪንተሮች፣ 30 ለእንግዶች ዋይፋይ። ለእኔ ትልቁን ትምህርት የያዘው ይህ ክፍል ነው። ቪላን ከተለየ ሁሉም ነገር የተጠበቀ ይመስለን ነበር። እሷ ግን ከእንግዳው ላፕቶፕ ወደ ሰርቨራችን ፒንግ (መድረስ አለመድረሱን የሚፈትሽ አጭር መልእክት) ላከች፤ መልስም መጣ። ቪላኖቹን የሚያገናኛቸው ራውተር እስካለና ክልከላ እስካልተጻፈለት ድረስ መልእክቱን ከአንዱ ወደ ሌላው ያሳልፋል። ክልከላውን ጽፋ እንደገና ላከችው። ፕሮግራሙ መልእክቱን በትንሽ ፖስታ መልክ ደረጃ በደረጃ ስለሚያሳይ፣ ፖስታው ራውተሩ ላይ ደርሶ ቀይ ምልክት ሲደረግበት ሁላችንም ቆመን አየን። የሰው ገቢና ወጪ የተጻፈበትን ሰነድ በአደራ የያዘ ቢሮ ይህንን በዓይኑ ማየት አለበት ብዬ አምናለሁ።

ሌላም አለ። በሲሙሌተሩ ውስጥ ራውተሩን አጥፍታ መልሳ ስታበራው የጻፈችው ሁሉ ጠፋ። ትእዛዙ በቋሚነት ካልተቀመጠ ኃይል በተቋረጠ ቁጥር እንደሚጠፋ ያስረዳችን እንዲህ ነው። መብራት በሚጠፋበት ከተማ ለሚሠራ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ለራውተሩና ለስዊቹ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) እንድንገዛም የመከረችን ያኔ ነው።

ሲሙሌተሩ የማያሳየውንም አልደበቀችንም። የኮንክሪት ግድግዳ ዋይፋይን ምን ያህል እንደሚያዳክም በስክሪን ላይ አይታወቅም አለችና ስልኳን ይዛ በየክፍሉ እየዞረች ለካች። የገዛናቸው ዕቃዎች የሲስኮ ስላልነበሩ የትእዛዞቹ አጻጻፍ የተለየ ቢሆንም አሠራሩ ግን ያው ነበር። በመጨረሻ የገዛነው ቪላን የሚቀበል አንድ ስዊች፣ አንድ ራውተር፣ ዩፒኤስና ጥቂት ገመድ ብቻ ነው። አሮጌውን ዋይፋይ አስተካክላ ለእንግዶች አዋለችው።

ስትጨርስ የሲሙሌተሩን ፋይል፣ የአድራሻዎቹን ዝርዝርና የይለፍ ቃሎቹን በጽሑፍ አስረከበችን፤ በእያንዳንዱ ገመድ ጫፍ ላይም ቁጥር ለጠፈችበት። ብዙ ባለሙያ ደንበኛው ሁልጊዜ እንዲፈልገው ይህንን ይዞ ይሄዳል። እሷ ግን ለእንግዳ መቀበያ ሠራተኛችን እንኳን ኮምፒውተሩ በ169.254 የሚጀምር አድራሻ ካሳየ አድራሻ የሚሰጠውን ዕቃ እንዳላገኘ፣ ያን ጊዜም መጀመሪያ ገመዱን ማየት እንዳለባት አስተምራታለች። ልጅቷ አሁን ማንንም ሳትጠራ ትፈታዋለች።

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ሙያሽንም ሐቀኝነትሽንም አይተናል።

ክሊኒክ፣ የጉዞ ወኪል፣ የጥብቅና ቢሮ ወይም ትንሽ ትምህርት ቤት ያላችሁ ወገኖቼ፣ ያለ ምንም ስጋት ጥሯት። የካሜራ ተከላና የኮምፒውተር ጥገና እንደማትሠራ ግን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ስትደውሉላት የክፍሎቻችሁን ንድፍ በወረቀት ላይም ቢሆን ሠርታችሁ፣ ስንት ኮምፒውተርና ስንት ፕሪንተር እንዳላችሁ፣ የትኛው ሠራተኛ የትኛውን ሰነድ ማየት እንደሌለበት ጽፋችሁ ጠብቋት፤ መጀመሪያ የምትጠይቃችሁ ይህንን ነው።