መቄት ገደል አፋፍ ላይ ማደር፦ ስለ ገበሬዎቹ ማረፊያ

ወልድያ ተወልጄ ወልድያ ያደግሁ ነኝ። አሁንም እዚያው ባንክ ቤት ነው የምሠራው። በጋሸና በኩል ወደ ባሕር ዳር ስንመላለስ መቄትን በመስኮት ከማየት አልፌ አላውቅም ነበር። ለእኛ መቄት ማለት ጋቢ የሚደረብበት፣ «መስኮቱን ዝጉት!» የሚባልበት፣ ረዳቱ እየተቆጣ ለሽንት የሚያስወርድበት ቦታ ነው። እዚያ አደርኩ የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ «ዘመድ አለህ?» ነው የምለው።

ዘንድሮ እኔም ወርጄ አደርኩ። ምክንያቱ እታበባ ናት፣ የእናቴ ታላቅ እህት። መቄት ተወልዳ በልጅነቷ ለወልድያ ሰው ተዳረች። ከዚያ ወዲህ ለለቅሶ ካልሆነ አልሄደችም። «አገሬን ሳላይ አልሞትም» ብላ ያዘችኝ። ዘመድ ቤት እንረፍ ስላት እንቢ አለች። «ያቺኑ ያለቻቸውን በግ ያርዱልኛል፤ እሱን አልችለውም።» ስለዚህ ገበሬዎቹ በማኅበር ሆነው ወደሚያስተዳድሩት ማረፊያ ደወልኩ። ጋሸና ላይ ሰው ብትጠይቁ ያሳያችኋል።

ማረፊያው በሰሜኑ ገደል አፋፍ ላይ የተሠሩ ጥቂት ጎጆዎች ነው። ግድግዳው ድንጋይ፣ ክዳኑ ሣር። ዋጋው አልጋ፣ እራት፣ ቁርስ፣ አስጎብኚና በቅሎ ጨምሮ ለሁለታችን 2,400 ብር ነበር። ለውጭ አገር ሰው ሌላ ዋጋ አላቸው። ገንዘቡ ለማኅበሩ አባላትና ለቀበሌው ሥራ ይከፋፈላል ብለውናል።

መጀመሪያ ያናደደኝን ልናገርና ልገላገል። በስልክ «አራት ሰዓት ላይ አስፋልቱ ዳር እንጠብቃችኋለን» ተባልን። በሰዓቱ ደረስን። ማንም የለም። ምልክት የሚባል ነገር የለም፣ ታፔላ የለም። ሰባ ዓመት ያለፋትን ሴትዮ በዚያ ንፋስ ድንጋይ ላይ አስቀምጬ ስደውል ስልኩ አይሠራም። በቅሎዋ ስትመጣ ስድስት ሰዓት ሊሆን ነው። «ሜዳ ላይ ጠፍታብን ነው» አሉ። እታበባ «በቅሎ መቼም ትጠፋለች» ብላ ይቅር አለቻቸው። እኔ ይቅር ያልኩት ቡናው ሲመጣ ነው።

አልጋው ንጹሕ ነው። ብርዱ ግን ቀልድ አይደለም። ጋሸና አካባቢ ከፍታው ወደ 3,000 ሜትር ይጠጋል፣ ሌሊቱን ደግሞ ገደሉ ሥር ያለው ንፋስ ሁሉ ወደ ላይ ይወጣል። አንድ ብርድ ልብስና አንድ የሱፍ ባና ሰጡን። ሁለተኛ ባና ስጠይቅ አመጡልኝ፣ ሳልጠይቅ ግን ማምጣት ነበረባቸው። የፊት መታጠቢያ ውኃ በጆግ ነው። ጠዋት ላይ ሞቅ ያለ አገኘን፣ ማታ ቀዝቃዛ። ሽንት ቤቱ ራቅ ይላል፣ ባትሪ ያዙ። ለአዛውንት ማታ ማታ መንገዱ ያስፈራል፤ አንድ አምፖል ቢሰቅሉ ምን ነበረበት?

ምግቡን አወድሳለሁ። ዓርብ ስለነበር የጾም ነው የቀረበው፦ ሽሮ፣ ስልጆ፣ የገብስ እንጀራ። የገብስ እንጀራ ከተማ ውስጥ እንዲህ አይገኝም። እታበባ ስልጆውን ቀምሳ ዝም አለች፤ ከዚያ ወደ ማድ ቤት ገብታ ካበሰለችው ሴት ጋር ረጅም ወሬ ያዘች። እራታችን ቀዘቀዘ። ቡናው በሥርዓቱ ነው፣ በረካውን ሳንጠጣ አልተነሣንም። ቁርስ ላይ ግን በሱፐርማርኬት ማርማላታ የተቀባ ዳቦ ሲያመጡልን ገረመኝ። በሶና ማር ባለበት አገር ማርማላታ! ለፈረንጅ የተለመደ ነው መሰለኝ። አበሻ ሲመጣ ቢጠይቁ ጥሩ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፣ ወደ አስጎብኚው። ገና ወጣት ነው፣ ትሑት ልጅ። ችግሩ ንግግሩን በቃሉ አጥንቶታል። ቆሞ፣ እጁን አጣምሮ፣ «እንኳን ወደ መቄት ወረዳ በደኅና መጣችሁ። መቄት በሰሜን ወሎ ዞን የምትገኝ ስትሆን...» ብሎ ጀመረ። እታበባ «አንተ ልጅ፣ እኔ እኮ እዚሁ ነው የተወለድኩት» አለችው። «ሰምቻለሁ እማማ፤ እርስዎ ያውቁታል። ግን ካቋረጥኩት ይጠፋብኛል» አላት። ሳቅን፣ እሱም ሳቀ። ከዚያ ወዲያ የተጠናውን ተወው። ጉብኝቱ የጣፈጠው ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ነው።

በዱላው መሬት ላይ ሁለት መስመር ጫረ። በሰሜን ያለው ተከዜ ነው፣ ከላስታ ተራሮች ተነሥቶ ከእግራችን ሥር ካለው ቆላ የሚያልፈው። በደቡብ ያለው ዥጣ ነው፤ ወደ በሽሎ ይገባል፣ በሽሎ ደግሞ ወደ ዓባይ። በሁለቱ ገደል መሃል የተረፈችው ደጋ መቄትና ዋድላ ናቸው። አስፋልቱም የሚሄደው በዚያችው ጀርባ ላይ ነው። «እዚህ ቤት ጣሪያ ላይ የወረደ ዝናብ ወደ ተከዜ ይወርዳል። ከመንገዱ ማዶ የዘነበው ወደ ዓባይ ይሄዳል» አለን። ተከዜ ሱዳን ገብቶ አትባራ ይሆናል፣ ከዓባይ ጋር የሚገናኘው ካርቱምን አልፎ ወደ ሰሜን ነው። የአንድ መንደር ውኃ ይህን ሁሉ አገር ለብቻ ለብቻ ዞሮ ነው የሚገናኘው። ትምህርት ቤት የኢትዮጵያን ካርታ ስንሥል ኖረናል፤ ይህን ማንም አልነገረኝም።

ልጁ ከዚህ ተነሥቶ የነገረን ታሪክ ነው የከፈልነውን ብር ያወጣው። ከበጌምድር ወደ ወሎ ጓዝ ይዞ የሚሻገር ሰው ብዙ ምርጫ የለውም። ወደ ቀኝ ቢል ገደል፣ ወደ ግራ ቢል ገደል። በጨጨሆ ወጥቶ፣ በደብረ ዘቢጥ አድርጎ፣ በዚህ ጀርባ ላይ መሄድ አለበት። ስለዚህ የአገሪቱ ታሪክ ደጋግሞ በዚሁ አልፏል።

አፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ወደ መቅደላ ሲነሡ ሴባስቶፖልን ያስጎተቱት በዚህ በኩል ነው። ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝን መድፍ፣ በሰው ጉልበት። መንገድ አልነበረም፤ እየሠሩ ነው የሄዱት፣ ንጉሡም በእጃቸው ድንጋይ እያነሡ። በቤተ ሆር በኩል ወደ ዥጣ ወርደው፣ ደላንታ ወጥተው፣ እንደገና በሽሎ ወርደው፣ መቅደላ ሲደርሱ መጋቢት ነበር። በአስፋልት በመኪና የምንሰለቸውን አገር እነሱ ግማሽ ዓመት ያህል ፈጀባቸው። ቀጥሎ ያለው ነገር ይከነክነኛል። ቴዎድሮስን ሊወጋ የመጣው የእንግሊዙ ጄኔራል የናፒየር ጦር ከባሕር ተነሥቶ በላስታ አድርጎ ዋድላ ሲደርስ፣ ዥጣን የተሻገረው ቴዎድሮስ ባሠሩት መንገድ ነው። ለራሳቸው መድፍ ያሠሩት መንገድ ለጠላት መድፍ ሆነ። እንግሊዞቹ ከሕንድ ያመጧቸው 44 ዝሆኖች ነበሯቸው፤ መድፍ የተሸከሙትም ይህን ደጋ ረግጠዋል። ሚያዝያ 6 ቀን ንጉሡ መቅደላ ላይ ራሳቸውን ገደሉ።

እታበባ እዚህ ላይ ጣልቃ ገባች። መድፉ ያለፈው በአባቷ ማሳ ጥግ ነው። ልጁ «እማማ፣ የእኛም ሰፈር ሰው በእኛ በኩል ነው ያለፈው ይላል» አለ። ተከራከሩ። ምግብ አብሳይዋም ከማድ ቤት ሆና የራሷን ቦታ ጨመረች። መቄት ውስጥ መድፉ በደጁ ያላለፈበት ሰው ያለ አይመስለኝም።

ሁለተኛው ታሪክ ይበልጥ አዲስ ነበር ለእኔ። ደብረ ዘቢጥ አጠገብ አንቺም የሚባል ሜዳ አለ። መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. የበጌምድሩ ራስ ጉግሣ ወሌ እዚያ ተገደሉ። የእቴጌ ጣይቱ የወንድም ልጅ፣ የንግሥት ዘውዲቱ የቀድሞ ባል ናቸው። በአልጋ ወራሽ ተፈሪ ላይ ጦር አንሥተው ሲመጡ በጦር ሚኒስትሩ በሙሉጌታ ይገዙ የተመራ ሠራዊት ጠበቃቸው። ከሠራዊቱ ጋር አውሮፕላን ነበር። መጀመሪያ አዋጅ የታተመበትን ወረቀት ከሰማይ በተነ፣ ቀጥሎ ቦምብ ጣለ። አውሮፕላን አይቶ የማያውቅ ጭፍራ ምን እንደተሰማው አስቡት። ንግሥቲቱ በሁለተኛው ቀን፣ መጋቢት 24፣ አዲስ አበባ ላይ አረፉ። ተፈሪም በጥቅምት 1923 ዓ.ም. ዘውድ ጫኑ። ይህን ያህል ነገር የተቆረጠበትን ሜዳ እኔ ብርቱካን እየላጥኩ አልፌዋለሁ።

በደርግ ጊዜ ቻይናዎች የወልድያን መንገድ እስከ ወረታ ሲሠሩ እነሱም በዚሁ ጀርባ ላይ ሄዱ። ገደል ለማንም አይበገርም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነትም ጋሸና ግንባር የሆነችው በዚሁ ምክንያት ነው፤ የወልድያ፣ የደብረ ታቦርና የላሊበላ መንገዶች እዚያ ይገናኛሉ። ልጁ በዚህኛው ላይ ብዙ አላወራም፣ እኛም አልጠየቅንም።

ከሰዓት በኋላ በአፋፉ ተጓዝን። ጭላዳዎቹ ሣር እየነቀሉ ቅርባችን ተቀመጡ፣ ፎቶ ለሚወድ ሰው ግሩም ነው። ሰማዩ ጥርት ካለ በማዶ አቡነ ዮሴፍ ይታያል፤ ከ4,200 ሜትር በላይ የሆነ ተራራ ነው፣ ላሊበላም ከሥሩ ናት። እኔ ዓይኔን የወሰደው ግን የገብሱ ማሳ ነው። ጠርዙ ድረስ ታርሷል። ሌላ እርምጃ ቢጨመር በሬው ቆላ ይወርዳል። እታበባ ስለ በልግ የተናገረችው እዚያ ላይ ነው። ደጋው ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ያለውን ዝናብ ይጠብቃል። በልጉ ሲቀር ክረምቱ እስኪደርስ ጎተራው ባዶ ነው። «ስልሳ ስድስት ላይ እንዲያ ነበር» አለች። ከዚያ ስለ ጎረቤቶቿ በስም እየጠራች ነገረችን፣ ማን ወዴት እንደተሰደደ። አስጎብኚው ማስታወሻ ደብተር አውጥቶ ይጽፍ ጀመር። እንግዳ ሲናገር የሚጽፍ አስጎብኚ ከዚህ በፊት አላየሁም። ለዚህ ብቻ ጉርሻ ሰጠሁት።

ስለዚህ ብትሄዱ ይሻላል ባይ ነኝ። ለወሎ ሰው በተለይ። ላሊበላ የሚሄድ ሁሉ ጋሸና ላይ ታጥፎ 64 ኪሎ ሜትር ይበርራል፣ እዚህ ግን አያድርም። ቅንጦት ለሚፈልግ አልመክርም። ጉልበት የሚያመው ሰውም በቅሎ አስቀድሞ ይዘዝ፤ ኮርቻው ጠንካራ ስለሆነ የሚነጠፍ ነገር ይያዝ። ለማኅበሩ ደግሞ፦ አስፋልቱ ዳር ታፔላ ትከሉ፣ ባናውን ሳንጠይቅ ጨምሩ፣ ማርማላታውን ተዉት። አስጎብኚዎቻችሁን የምታሠለጥኑ ሰዎች፣ እባካችሁ ያንን የተጠና ንግግር አስረሷቸው።

ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ጥሩ ነው። በክረምት ጉሙ ገደሉን ስለሚሸፍነው ገንዘባችሁን በከንቱ ታወጣላችሁ። ከመነሣታችሁ በፊት መንገዱ ሰላም መሆኑን ጠይቁ፣ በዋዜማው ደግሞ ለማረፊያው እንደገና ደውሉ። ስንመለስ ጋሸና ላይ የወልድያ ሚኒባስ ከሰዓት በኋላ ሰው እስኪሞላ ብዙ አስጠበቀን። በጠዋት ውጡ።